አባባ ከቅዳሴ የቀሩበት ክረምት

ባለፈው ሳምንት እናቴ ዘንድ፣ ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም ሄጄ ቁም ሳጥን ስናጸዳ ከታችኛው መሳቢያ አንድ ፌስታል ናፍታሊን ወጣ። ብል እንዳይበላው ልብስ መሃል የሚጣለው ያ ነጭ ኳስ። እናቴ መስኮት ለመክፈት ስትጣደፍ እኔ ፌስታሉን ይዤ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ። ቤተ ክርስቲያን ሲባል ዕጣን ትዝ የሚላቸው ሰዎች የታደሉ ናቸው። እኔ ትዝ የሚለኝ ናፍታሊን ነው። ዐሥር ዓመት በሞላኝ ክረምት የካዛንቺሱ ደብራችን ከበር እስከ መጋረጃው ድረስ ናፍታሊን ናፍታሊን ይል ነበር፤ ተጠያቂው ደግሞ አባቴ ነው። ያንን ክረምት ሳስበው ዛሬም መጀመሪያ እናደዳለሁ፤ ሳቁ የሚመጣው ቆይቶ ነው።

ነገሩ የጀመረው በቁንጫ ነው። የድሮው ወለል ሲሚንቶ ሆኖ በላዩ ላይ ምንጣፍ በምንጣፍ ተደርቦበት ነበር። ሁሉም ሰው በስለት ያመጣው ስለሆነ የሚነሳ የለም፤ አዲሱ በአሮጌው ላይ ይነጠፋል። ስንሰግድ ግንባራችን ፍራሽ ላይ ያረፈ ያህል ይሰምጥ ነበር። ቁንጫውም ቤቱን አግኝቷል። እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ እናቴ በረንዳ ላይ ታስቆመኝና ካልሲዬን አውልቃ ታራግፋለች፤ እሷ ስታራግፍ እኔ አካለሁ።

አባዬ የፊዚክስ አስተማሪ ነው፤ የደብሩ ሰበካ ጉባኤ አባልም ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ ሊታደስ ሲባል ስብሰባ ላይ ተነስቶ ረጅም ንግግር አደረገ። ምንጣፍ የቁንጫ መራቢያ ነው አለ፤ ሴራሚክ ግን በውሃ ይታጠባል፣ አቧራ አይዝም፣ ለልጅ ልጅ ይተርፋል። የተማረ ሰው ነውና አመኑት። ወለሉ ሴራሚክ ሆነ። ሴራሚክ ከገባ ዓምዶቹም እብነ በረድ ይልበሱ ተባለ። ዓምዶቹ ከለበሱ ግድግዳው ያሳፍራል ተባለና በሚያብረቀርቅ ዘይት ቀለም ተቀባ፣ ሥዕሎቹም ታደሱ። ምንጣፎቹ ተጠቅልለው ዕቃ ቤት ገቡ። ገንዘቡ እዚያ ላይ አለቀ። ሰው ሁሉ ደስ አለው፤ እግሩ ብቻ በረደው።

ደስ ያላላቸው አባባ ናቸው። አባባ የአባዬ አባት ሲሆኑ እኛው ቤት፣ የፊተኛው ክፍል ውስጥ ነበር የሚኖሩት። ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል። ሐኪሞቹ ግላኮማ ይሉታል፣ እሳቸው ግን «ዓይኔ ጡረታ ወጣ» ነበር የሚሉት። እሑድ እሑድ እጃቸውን ይዞ ቤተ ክርስቲያን ማድረስ የኔ ሥራ ነው። በእርግጥ መንገዱን የሚያውቁት እሳቸው ናቸው፤ እኔ የምጠቅመው ለጉድጓድ ብቻ ነው። ዳቦ ቤቱን በማሽኑ ጉርምርምታ፣ የታክሲ ተራውን በወያሎቹ ጩኸት፣ የመሥሪያ ቤቱን በር በዘበኛው ሳል ይለዩታል። ዓለም ለእሳቸው በጆሮ በኩል የምትገባ ነገር ነበረች።

ቤተ ክርስቲያኑ ታድሶ በተከፈተበት እሑድ ሰባኪው ማይኩን ይዞ ጀመረ። ቃሉ ወደ ላይ ወጣ፣ ክቡ ጣሪያ ሥር ዞረ፣ ከዚያም በዓምዶቹ መሃል እየተጋፋ ተመለሰ። እሱ እስኪመለስ ሰባኪው ሌላ ዓረፍተ ነገር ጀምሯል። ሁለቱ አየር ላይ ተጋጩ፣ ሦስተኛው መጥቶ ተደባለቀባቸው። ሰው «አሜን» የሚለው የቱ ላይ እንደሆነ ጠፍቶት የጎረቤቱን አፍ እያየ ይል ጀመር።

እኔ ግን ምሥጢሩ ገብቶኝ ነበር። ግድግዳው ላይ የተሳሉት ቅዱሳን ቀለማቸው ሲታደስ ነቅተው ሰባኪውን እየተከተሉ ይደግማሉ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ ለትልቅ ሰው ማስረዳት አድካሚ ነው። በሴቶች በር በኩል ያሉትን፣ ዓይናቸው ትልልቅ የሆነ ባለ ረጅም ጢም ጻድቅ በተለይ ጠረጠርኳቸው። ከቅዳሴ በኋላ ጠጋ አልኩና፣ አባቴ፣ እባክዎ ቀስ ይበሉ፣ አባባ መስማት አቃታቸው ብዬ ለመንኳቸው። አልመለሱልኝም፤ ግን ትንሽ ያፈሩ መሰለኝ።

ቤት እንደደረስን አባባ ጫማቸውን እንኳ ሳያወልቁ በሩ ላይ ቆሙ። አባዬ ፊት ለፊታቸው ነበር። እሳቸው ግን ወደ እኔ ዞሩ።

«ሜሮን፣ ለዚያ አስተማሪ ንገሪው። ዓይኔን እግዜር ወሰደው፣ አልተቆጣሁም። ጆሮዬን የወሰደው ግን ሴራሚክ ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ አባዬ «ልጄ» መባሉ ቀረ። «ያ አስተማሪ» ሆነ። ለዚያ አስተማሪ ጨው አቀብይው፣ ያ አስተማሪ ሬዲዮኑን ይቀንስ፣ ያ አስተማሪ ዛሬ አምሽቷል እንዴ። አባዬም «እርስዎ አባባ» እያለ ቀጥታ ሲያናግራቸው መልሱ በእኔ በኩል ነው የሚመጣው። ሁለቱም አፍ እያላቸው እኔን የቤት ስልክ አደረጉኝ። ራት ላይ እንኳ በሰላም አልጎርስም ነበር።

አባባ ለሁለት እሑድ እንደምንም ታግሰው ሄዱ። አንድ ሰባኪ ቀጥራችሁ ዐሥሩን ታስጮሁብኛላችሁ እያሉ እዚያው ዓምዳቸው ሥር ያማርራሉ፤ በዚያ ጫጫታ መሃል የሚሰማቸው አልነበረም። በሦስተኛው ቀሩ። አንድም ቀን ከቅዳሴ ቀርተው የማያውቁት ሰውዬ እሑድ ጠዋት ጋቢያቸውን ተከናንበው አልጋ ላይ ቁጭ አሉ። እናቴ ለመነቻቸው፣ ጎረቤት ለመናቸው፣ የንስሐ አባታቸው መጥተው ለመኗቸው። ባዶ ጩኸት ለመስማትማ የታክሲ ተራ ይበቃኛል አሉ።

የሁላችንም ጭንቀት ፍልሰታ ነበር። በፍልሰታ ጾም ጠዋት ጠዋት መምህሩ ቆመው የዕለቱን ጸሎት ትርጓሜ በአማርኛ እያፍታቱ ያስተምራሉ። አባባ ከልጅነታቸው ጀምሮ አልፏቸው አያውቅም። ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህማ ዓመቱን ሙሉ የሚጠብቁት እሱን ነው፤ ጠዋት የሰሙትን ማታ ለእኛ ሳይቀንሱ ሳይጨምሩ ይሉልናል። ዘንድሮ እዚህ የማይሰማ ከሆነ ከደምበል ወዲያ ማዶ ያለ ደብር እሄዳለሁ አሉ። ማን ያደርስዎታል ስትላቸው እናቴ፣ ጆሮዬ አሏት።

ቀልድ መስሎን ነበር። አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ አልጋቸው ባዶ ነው። ዝናቡ ደግሞ ይወርዳል። አባዬ ወደ ላይ፣ እናቴ ወደ ታች ሮጡ፤ እኔ በር ላይ ቆሜ አለቅሳለሁ። ብዙ ቆይቶ አንድ ወያላ ክንዳቸውን ይዞ መጣ። ባምቢስ አካባቢ መኪና መሃል ገብተው ሲያማትቡ አግኝቷቸው ነው። ሱሪያቸው እስከ ጉልበት ጭቃ፣ ጋቢያቸው ውሃ ያንጠባጥባል። ደግነቱ አልተነኩም። አባዬ ተንበርክኮ እግራቸውን በሙቅ ውሃ አጠበ። ፍልሰታ ሳይገባ ይሄን ነገር ካላስተካከለ እኚህ ሰውዬ አንድ ቀን መኪና ይበላቸዋል። ይህንን የማያውቅ ቤታችን ውስጥ አልነበረም።

እና አባዬ ማስተካከል ጀመረ። አቤት የሱ ማስተካከል። መጀመሪያ ድምፁን ጨመረው፤ ባሰ። ስፒከሮቹን ወደ ታች አዘነበላቸው፤ ያው ነው። ጥጥ ወተፈባቸው፤ ሰባኪው ጉንፋን የያዘው መሰለ። ቅዳሜ ቅዳሜ እኔን አባባ የሚቆሙበት ዓምድ ሥር ያቆመኝና እሱ ከፊት ሆኖ ጋዜጣ ያነባል፤ የሰማሁትን መድገም አለብኝ። አንድም ቃል አልይዝም። ደህና አድርገሽ ስሚ እንጂ ይለኛል፣ እኔ ፈዝዤ የቀረብኝ ይመስል። ጓደኞቼ ሰኞ ማክሰኞ ሲጫወቱ እኔ ቀዝቃዛ ሴራሚክ ላይ በካልሲ ቆሜ ጆሮዬን እቀስራለሁ።

በዚህ መሃል እትዬ ዘነበች መጡ። እትዬ ዘነበች ባምቢስ ጨርቅ የሚሸጡ፣ እጃቸው የተፈታ ሴት ናቸው። ልጃቸው ስንት ዓመት ጠብቃ ወልዳ ስለነበር ስለታቸውን ይዘው መጡ፦ ከእኔ ቁመት የሚበልጥ ሞንታርቦ፣ በሪባን ተጠቅልሎ፣ በፒክአፕ ተጭኖ፣ በእልልታ። ቃሉ አይሰማም ሲባል ሰምተው ነው ለደብሩ ያሰቡት። አባዬ ሞንታርቦውን ሲያይ ፊቱ ጠቆረ። ጉልበት ሲጨመርበት ጫጫታው እንደሚብስ ሊያስረዳ ሞከረ፤ የሰው ስለት ይመለሳል እንዴ ብለው አፉን አስያዙት። እትዬ ዘነበች በየእሑዱ ሞንታርቦው አጠገብ ነው የሚቆሙት፤ መሥራቱን በመዳፋቸው ዳስሰው ያረጋግጣሉ።

«መንታ አለመውለዷ ነው የጠቀመን» አለ አባዬ ማታ።

እሱ የፈራውም አልቀረም። የእትዬ ዘነበች ስለት አምሮ ሲታይ ሌላውም ስለቱን ወደ ስፒከር አዞረ። ፍርድ ቤት ጉዳይ ያለው፣ ልጁ ማትሪክ የሚፈተንበት፣ ወገቡን የሚያመው ሁሉ ስፒከር ተሳለ። እግዚአብሔርም ያንን ክረምት ጸሎት መስማት አበዛ። በየዓምዱ ሥር አንዳንድ ተገተረ። ሰባኪው ሲያስነጥስ መስኮት ይርገበገብ ጀመር። ሰበካ ጉባኤው ደስ ብሎታል፤ ሳንቲም ሳናወጣ ስንት ዕቃ አገኘን ይላል። አባዬ ፀጉሩን ሊነጭ ምንም አልቀረው።

የኤሌክትሪክ ገመድ ፍለጋ ዕቃ ቤት የገባነው በአንዱ ቅዳሜ ነው። ዕቃ ቤቱ የስለት ማጎሪያ ነው። ባለ ወርቃማ ዘርፍ የከፋይ ጃንጥላዎች እስከ ጣሪያ ተደርድረዋል፣ ወፍራም መጋረጃዎች በጆንያ ታጭቀዋል፣ እነዚያ የቁንጫ ምንጣፎች በጥቅል ቆመዋል። ናፍታሊኑ ደግሞ አፍንጫ ይበሳል። እኔ ማማረሬን አላቋረጥኩም፤ እግሬ በረደኝ፣ ራበኝ፣ ሁልጊዜ እኔ ብቻ። አባዬ ገመዱን እንደያዘ ቀጥ አለ።

«እስኪ ድገሚው።»

«ምኑን?»

«ማማረርሽን። በቃ እሱኑ ቀጥዪ።»

ቀጠልኩ። በሩን ዘጋው፣ ቀጠልኩ። ከዚያ እጄን ይዞ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አስገባኝና እዚያም እንዳማርር አዘዘኝ። አማረርኩ፤ ምሬቴ ጣሪያውን ዞሮ መጥቶ ራሴው ላይ ወደቀ። ተመልሰን ዕቃ ቤት ገባን፤ እዚያ ግን ቃሌ ከአፌ ወጥቶ እዚያው ያልቃል። አባዬ ጃንጥላዎቹን አየ፣ ምንጣፎቹን አየ፣ ግንባሩን መታ። ለተማሪዎቹ ሲያስተምር የኖረውን ነገር፣ ድምፅ ከደረቅ ነገር ነጥሮ እንደሚመለስና ለስላሳ ነገር እንደሚውጠው፣ ራሱ ረስቶት ነበር። ስንት ሳምንት ሙሉ ስፒከር ሲያሽከረክር መድኃኒቱ ዕቃ ቤት ተቆልፎበታል። አሁን ድረስ ይሄን ሳስብ ደሜ ይፈላል።

ግን መድኃኒት ማግኘትና ማስዋጥ ይለያያል። አባዬ መጀመሪያ ግድግዳው ላይ ምንጣፍ እንስቀል አለ። የደብሩ አስተዳዳሪ፣ ትልቅ አባት ናቸው፣ ቅዱሳኑን በምንጣፍ ልታፍናቸው ነው እንዴ ብለው ተቆጡ። እኔ በልቤ አስተዳዳሪውን ደገፍኩ፤ አፋቸውን ብንሸፍነው እኚያ ባለ ጢሙ ጻድቅ የሚቀየሙት እኔን ነው። ስለዚህ ግድግዳው ቀረ። ጃንጥላዎቹ ግን ተፈቀዱ፣ የቤተ ክርስቲያን ንዋይ ናቸውና። የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች የቀለም ቀቢዎችን መሰላል ተውሰው ክቡ ጣሪያ ሥር ተዘርግተው እንዲንጠለጠሉ አደረጉ። ወፍራሞቹ መጋረጃዎችም በኋለኞቹ ዓምዶች መሃል ተሰቀሉ።

ያምር ነበር፣ አልክድም። ግን ሰው አንገቱን ቀና አድርጎ የራሱን ጃንጥላ መፈለግ ጀመረ። የኔ ለምን ጥግ ገባ፣ የሷ ለምን ከኔ በላይ ሆነ፣ ሐምራዊዋ የእናቴ ናት፣ ከመቅደሱ ፊት ትሁን። አባዬ ፊዚክሱን ትቶ ሽምግልና ገባ። አንዷን ጃንጥላ አውርዶ ሌላዋን ሲሰቅል፣ ያችን ሰቅሎ ይቺን ሲያወርድ ሳምንቱ አለቀ። እነዚያን ሁሉ ስፒከሮች የገላገሉን ደግሞ አስተዳዳሪው ናቸው። ውጭ ግቢው ውስጥ ቆሞ የሚያስቀድሰው ሕዝብ ምንም ሳይሰማ ነው የሚውለው፣ ስለታችሁ ለእሱ ይሁን አሏቸው። እትዬ ዘነበች ሞንታርቧቸው በር ላይ ሲተከል በደስታ እልል አሉ፤ ካዛንቺስ በሙሉ ሊሰማቸው ነው። የካዛንቺስን ሐሳብ የጠየቀ የለም።

ቅዳሜ ዓምዱ ሥር ቆሜ ጋዜጣውን አዳመጥኩ። ግማሹን ያዝኩ፣ ግማሹ እግሬ ሥር እየነጠረ አመለጠኝ። የቀረው ወለሉ ነበር።

ወለሉ ማለት ምንጣፍ ነው፤ ምንጣፍ ማለት ደግሞ አባዬ በሰው ፊት የተናገረውን መዋጥ ነው። የሰበካ ጉባኤው ስብሰባ ዕለት የቢሮው በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ እየጠበቅኩት ሁሉን ሰማሁ። ተሳለቁበት። ቁንጫ ቤት ያልከው አንተ አይደለህም ወይ አሉት፣ ያን ሁሉ ብር ለሴራሚክ አስወጥተኸን አሁን እንሸፍነው ትላለህ ወይ አሉት። አባዬ ሰው ሲስቅበት ቶሎ የሚቆጣ ሰው ነው። ያን ቀን አልተቆጣም።

«ስለ ቁንጫው እውነቴን ነው። ስለ ድምፁ ግን አላሰብኩም፤ ጥፋቱ የኔ ነው። አባቴ በኔ ምክንያት ቅዳሴ ቀርተዋል። ምንጣፉን እኔ አጸዳዋለሁ፣ ማንንም አላስቸግርም።»

በክረምት ምንጣፍ ማጽዳት ምን እንደሆነ ያልሞከረው አያውቀውም። ፀሐይ የለም። ጎረቤት በረንዳ እየለመንን ጥቅል በጥቅል ዘረጋን፤ በዱላ ደበደብን፣ መድኃኒት ነፋንበት፣ ዝናብ ሲመጣ አስገባን፣ ሲያባራ አወጣን። እናቴ አፏን በሻሽ አስራ እየደበደበች የምትለውን እዚህ አልጽፈውም። መጨረሻ ላይ አባዬ ቁንጫውን እስከ ዘር ማንዘሩ ለመጨረስ ከየምንጣፉ ሥር ናፍታሊን በተነ። ብዙ በተነ። አስተዳዳሪው ሲገቡ ዕጣኑን አሸነፈው እኮ ብለው አፍንጫቸውን ያዙ፣ ግን አስነሱት አላሉም።

ፍልሰታ ሊገባ ዋዜማው አባዬ አባባ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«አባባ፣ ነገ አንድ ቀን ብቻ ይምጡ። ካልሰሙ እኔ ራሴ በየቀኑ ማዶ አደርስዎታለሁ።»

አባባ መቁጠሪያቸውን ሲያንከባልሉ ቆዩ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። «ለዚያ አስተማሪ፣ ሰምቻለሁ በይው» አሉ። ነገርኩት። ከአጠገቤ ነው የተቀመጠው።

ጠዋት እጃቸውን ይዤ ሄድን። ካልሰሙ ማዶ የሚያደርሳቸው በመጨረሻ ማን እንደሚሆን አውቀዋለሁ። ስንገባ እግራቸው ምንጣፉን ሲነካው ቆም አሉ፣ ናፍታሊኑ ሲሸታቸው ደግሞ አስነጠሳቸው። ዓምዳቸው ሥር አቆምኳቸው። መቋሚያቸውን ብብታቸው ሥር አድርገው ተደገፉ። አባዬ ወዲያ ማዶ፣ ሌላው ዓምድ ኋላ፣ ድምፅ በሚያስተካክልበት ሚክሰር ላይ አጎንብሷል።

መምህሩ ማይኩን ነካ ነካ አደረጉና ጀመሩ። ቃሉ ከአፋቸው ወጣ፣ እኛ ዘንድ ደረሰ፣ አለቀ። የሚዞር የለም፣ ተመልሶ የሚጋፋ የለም። ከጎናችን ተቀምጠው የሚያወሩ ይመስላሉ። አባባ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡ። አንዱን ዓረፍተ ነገር፣ ሌላውን፣ ሌላውን። ፊታቸውን ቀና ብዬ አየሁ፤ ከንፈራቸው መምህሩን ተከትሎ ይንቀሳቀስ ነበር፣ ማታ ለእኛ ሊሉልን ሲይዙት እንደሚያደርጉት። ከዚያ አጠገባቸው ወደ ቆሙት ሽማግሌ ዘንበል አሉ።

«የኔ ልጅ ነው የሠራው።»

ሹክ ማለታቸው ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ ግን አሁን ሹክታ የሚሸፍን ጫጫታ የለውም፤ ከወንዶች በር እስከ ሴቶች በር ጥርት ብሎ ተሰማ። መምህሩ አቋረጡ። ሰው ሁሉ ዞረ። አባባ ዝምታው ሲበዛባቸው ጎረቤታቸው ያልሰማቸው መስሏቸው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«ሴራሚኩንም ያስገባው እሱ ነው።»

ሴቶቹ በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ፣ መምህሩም ሳቃቸውን ለመደበቅ ወደ ግድግዳው ዞሩ። እኔ ግን አባዬን ነበር የማየው። ሚክሰሩ ላይ እንዳጎነበሰ የነጠላውን ጫፍ ዓይኑ ላይ አድርጓል፣ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። መምህሩ ካቆሙበት እስኪቀጥሉ ድረስ ቀና አላለም።